ዱቄት የተቀባ አፍንጫ

ሰሞኑን እንደ አሸን የፈላ አንድ ፎቶ አለ። ልጅ ሽርጥ ታጥቋል፣ ፊት ለፊቱ እንቁላል ተደርድሯል፣ አፍንጫው ጫፍ ላይ ዱቄት አለ። ከሥሩ «ዛሬ ሒሳብና ሳይንስን በኬክ ተማርን» የሚል ጽሑፍ ሰፍሯል። ሊጥ የነካ ሰው ግን በዚህ አይሸወድም። ዱቄት ደረት ላይ ያርፋል፣ እጅጌ ውስጥ ይገባል፣ ወለሉን ያለብሳል። አፍንጫ ጫፍ ላይ፣ ያውም እንደ ማኅተም ክብ ሆኖ፣ ሰው ካልቀባው በቀር አይገኝም።

ለመሆኑ ልጁ ምን ተማረ? አብዛኛውን ጊዜ መቆም ነው። ዱቄቱን የለካው ወላጅ፣ እንቁላሉን የሰበረው ወላጅ፣ ኦቨኑን ያሞቀውም ወላጅ ነው። ለልጁ የተፈቀደለት ከላይ ስኳር መነስነስ ብቻ ነው። «የሦስት አራተኛ ግማሽ ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፣ አፉን ሳይከፍት መልሱ ከጠያቂው ይመጣል። ኦቨኑ ሞቋላ!

ሒሳቡ እኮ እዚያች ዝምታ ውስጥ ነበር። ወረቀት ላይ ላዕሉን በላዕል፣ ታህቱን በታህት አባዝቶ ሦስት ስምንተኛ ማለት ቀላል ነው። ኩሽና ውስጥ ግን ሦስት ስምንተኛ የሚባል ኩባያ የለም። ልጁ መሳቢያውን ሁሉ ፈትሾ ሲያጣው ነው ነገሩ የሚጀምረው። አንድ ኩባያ 16 የሾርባ ማንኪያ ነው፣ ሦስት አራተኛው 12፣ የዚያ ግማሽ 6። ሦስት እንቁላል ለሁለት ሲካፈልማ ይብሳል፤ ግማሽ እንቁላል የሚጥል ዶሮ አልተገኘም። ሰብሮ፣ መትቶ፣ መመዘን ነው። ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ገደማ ስለሚሆን 25 ግራሙን መውሰድ ይበቃል።

ኩባያን ካነሳን ዘንድ ቂሜን ላውጣ። ዱቄት በኩባያ የሚለካ አዘገጃጀት ሁሉ ጠላቴ ነው። ዱቄቱን በማንኪያ እየጨመሩ ጠርዙን በቢላ ጀርባ ከጠረጉት ኩባያው 120 ግራም ገደማ ይይዛል። ኩባያውን ከረጢት ውስጥ ነክረው ከዛቁት ደግሞ በቀላሉ 150 ይደርሳል። ሦስት ኩባያ ላይ ልዩነቱ 90 ግራም ነው። ኬኩ ደርቆ አናቱ ሲሰነጠቅ «ኦቨኑ ነው» ይባላል። ከዚህም የሚያንገበግበው «ዱቄት፦ እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለው ነው። ለማን አስፈላጊነት? ይህን የሚጽፍ ሰው የፈተና ወረቀት ላይ «መልስ፦ እንደ አስፈላጊነቱ» ተብሎ ቢጻፍለት ስንት ነጥብ ይሰጥ ይሆን? ሚዛን ይገዛ፣ ለልጁም ይሰጠው፤ ሁለቱንም አለካክ ራሱ መዝኖ ይድረስበት።

መጋገሪያውም የራሱ ጉድ አለው። ከዳር እስከ ዳር 20 ሴንቲ ሜትር የሆነው ክብ መጋገሪያ ጠፍቶ ባለ 25ቱ ሲነሳ «አምስት ሴንቲ ሜትር ምን አላት?» ይባላል። የመጀመሪያው ስፋት 314 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፣ የሁለተኛው 491 ገደማ። ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ! ሊጡ ስስ ሆኖ ይነጠፋል፣ በተለመደው ሰዓት የወጣው ኬክ ብስኩት ሆኖ ይገኛል። የክብ ስፋት ሲሰላ ሬዲየስ፣ ማለትም ከመሃል እስከ ዳር ያለው ርቀት፣ በራሱ የሚባዛው ለምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ጥቁር ሰሌዳ የለም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት አጥብቄ እወደዋለሁ። የምወደው ትዕግሥት ስለሚያስተምር አይደለም፣ ውስጡ ቁጥር ስላለ ነው። የዶሮ እንቁላል በእግሩ የሚሄደው 21 ቀን ያህል፣ 37.5 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ሲያገኝ ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣው ቀስ ቢልም የትም አይሄድ። እርሾም የሚወደው ሙቀት ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ። ወደ 60 ሲጠጋ ይሞታል። ይህን ለልጅ በቃል መንገር ከንቱ ነው። ሦስት ጠርሙስ ይቅረብ፤ በየአንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር። አንደኛው ውሃ ቀዝቃዛ፣ ሁለተኛው ለብ ያለ፣ ሦስተኛው ከ70 ዲግሪ በላይ ይሁን፤ ይህን የመጨረሻውን ትልቅ ሰው ይቅዳው። አፋቸው ላይ ፊኛ ይታሰር። እርሾው ስኳሩን እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ፣ ለብ ባለው ላይ ያለው ፊኛ ግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ቀና ማለት ይጀምራል። ሁለቱ እንደተጋደሙ ይቀራሉ። አሁን ሁለቱንም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆም ነው። ቀዝቃዛው ቆይቶ ይነቃል፣ የተቃጠለው ግን በቃው። የተኛና የሞተ በዓይን ይለያል።

ከተረቱ ወደ ነገራችን እንመለስ፤ ስለ ወላጅ ነበር መሰለኝ። የወላጅ ችግሩ ኬኩ እንዳይበላሽ ብሎ ልጁን መከልከሉ ነው። ልጁ በቤኪንግ ፓውደር ፋንታ ቤኪንግ ሶዳ ሊጨምር ሲል እጁ ይያዛል። ለምን ይያዛል? ሶዳ ጋዝ የሚያወጣው እንደ እርጎ ወይም ሎሚ ያለ አሲድ ሲያገኝ ነው፤ ፓውደሩ ውስጥ ግን ደረቅ አሲድ አብሮ ተደባልቋል። ሶዳው በዚያው መጠን ሲገባ፣ አሲድ ያጣው ትርፍ ኬኩን ያጠቁረዋል፣ የሳሙና ጣዕምም ይሰጠዋል። ልጁ አንዴ ጎርሶ ፊቱን አጨማድዶ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ቢል የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ተጀመረ ማለት ነው። ታዲያ የዚያን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ዝም ብለህ ብላ!» ነው።