አምስት ማይክ ለጓደኛ

በ90ዎቹ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ራፐር ሁሉ የሚፈራው ዘ ሶርስ የሚባል የሂፕሆፕ መጽሔት ነበር። አልበም ሲወጣ በኮከብ ፈንታ በማይክ (ማይክሮፎን) ምልክት ውጤት ይሰጣል፤ ትልቁ ውጤት አምስት ነው። ናስ በ1994 በመጀመሪያ አልበሙ አምስት ሲያገኝ ጉድ ተብሏል።

አሳታሚው ዴቪድ ሜይስ ነጭ የሐርቫርድ ተማሪ ነበር። በ1988 ከጆን ሼክተር ጋር የጀመረው በአንድ ገጽ ወረቀት ነው። ኋላ ኒውዮርክ ገብተው ተሳካላቸው። ግን ሜይስ ቤንዚኖ የሚባል የቦስተን ራፐር ወዳጅ አለው፤ ለእሱ የማይሆነው ነገር የለም። በ1994 አዘጋጆቹ ሳያውቁ ስለ ቤንዚኖ ቡድን ሦስት ገጽ ጽሑፍ መጽሔቱ ውስጥ ሰካበት። ሼክተርን ጨምሮ ዋና ዋናዎቹ አዘጋጆች ጥለውለት ወጡ።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ መውጣታቸው ነው። ለሦስት ገጽ? እኛ ጋ "ምን አለበት፣ ጓደኛው አይደል" ተብሎ ይታለፋል። አዲስ አበባ ኤፍኤም ክፈቱ፤ ዘፋኙ ከጋዜጠኛው ፊት ለፊት ተቀምጦ "ለአድናቂዎችህ ምን ትላለህ?" ይባላል እንጂ ሦስተኛው ዘፈን ለምን ደከመ ብሎ የሚጠይቀው የለም፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እዚህ ዲሲም ያው ነን። ኮንሰርት የሚያዘጋጀው ሰውዬ የፕሮግራሙ ስፖንሰር ነው፣ የጋዜጠኛው ሚዜም እሱ ነው። ማን ማንን ይተች?

በእርግጥ ከዘ ሶርስ ከወጡት ሁለቱ በ1997 ተፎካካሪው ኤክስኤክስኤል ሲጀመር አዘጋጅ ሆነው ገብተዋል። የኛ ልጅ ጥሎ ቢወጣ የት ይገባል? የቤት ኪራዩንስ ማን ይከፍልለታል?

ደግሞ አሜሪካኖቹም ጻድቅ አይደሉም። ሜይስ ሌላ ሰው ቀጥሮ ቀጠለ፣ ቤንዚኖም ባለድርሻ ሆነ። ከኤሚኔም ጋር ሲጣላ መጽሔቱ በሙሉ ጠቡን ተሸክሞ ዘመተ፤ ኤሚኔምን በ1998 ገና ስሙ ሳይታወቅ ያስተዋወቀው ራሱ ዘ ሶርስ ነበር እኮ! በ2005 ዋና አዘጋጇ ኪም ኦሶሪዮ በሴቶች ላይ አድልዎ አለ ብላ አቤት አለች፣ ተባረረች፣ ከሰሰች። ፍርድ ቤት አድልዎውን ባይቀበላትም በበቀል መባረሯንና ስሟ መጥፋቱን አምኖ በ2006 የ15.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተፈረደላት።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ቦርዱ ሁለቱንም ወዳጆች ከመጽሔቱ አባሯቸው ነበር። እነሱ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ብዙም ሳይቆዩ አብረው ሂፕሆፕ ዊክሊ የሚባል ሌላ መጽሔት ከፈቱ።