ይድረስ ለክቡር «የአገሩን ሕግ እናከብራለን»

ጉዳዩ፦ ትክክለኛ አድራሻዎን እንዲያሳውቁን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎን አልጠይቅም። በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ በትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች መግለጫ ውስጥ፣ ስክሪኔ ላይ ተደላድለው ተቀምጠው አይቼዎታለሁ፤ ወዝዎ ሞልቷል።

የአክስቴ ልጅ ዱባይ አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ስልክ አመጣችልኝ። ስልኩ ደህና ነው፣ ካሜራው ልብ ይሰርቃል፤ የምስል ጥሪው ግን የለም። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ገለባበጠና «ይሄ የዱባይ ነው፤ እዚያ ሕጉ አይፈቅድም» አለኝ። እኔ የቆምኩት መገናኛ ነው! እንግዲህ የዱባይ ሕግ ከሽቶውና ከብርድ ልብሱ ጋር ሻንጣ ገብቶ፣ ቦሌ ላይ ሳይቀረጥ አልፎ መገናኛ ደርሷል ማለት ነው። ለመጻፍ የተነሣሁት የዚያን ዕለት ነው፦ ይህ «አገሩ» የሚሉት አገር በትክክል የት ነው?

ቤጂንግ ነው እንዳልል፣ እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 2021 (በፈረንጅ የምቆጥረው የእኛን ስለማያውቁት ነው) አሜሪካም ጀርመንም ተቀምጦ ታንክ ፊት ብቻውን የቆመውን ሰው ፎቶ በማይክሮሶፍት መፈለጊያ ቢንግ ላይ የፈለገ ሁሉ ባዶ ገጽ ወጣለት። ማይክሮሶፍት የሰው ስህተት ነው አለ። ከ365 ቀን መርጦ፣ በ1989 ቤጂንግ ላይ ሰልፈኞች የተገደሉበት የቲያንአንመን መታሰቢያ ዕለት ላይ ያረፈ፣ ቀን የሚያውቅ ስህተት።

ከሁሉ የማይወጣልኝ ግን የሺ ታኦ ነገር ነው። ቻንግሻ የሚሠራ ጋዜጠኛ ነበር። በ2004 በቲያንአንመን 15ኛ ዓመት ሰሞን ምን ዓይነት ጥንቃቄ ይደረግ የሚል ትእዛዝ ለጋዜጦች ወረደ፤ እሱ ይዘቱን ከያሁ ኢሜይሉ ኒው ዮርክ ወዳለ ድረ ገጽ ላከው። መንግሥት የኢሜይሉ ባለቤት ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ያሁ መለሰ። በ2005 10 ዓመት ተፈረደበት። በዚያው ዓመት የያሁ መሥራች ጄሪ ያንግ ስለ ጉዳዩ ሲጠየቅ እርስዎን ጠራ፦ በቻይናም ሆነ በሌላ አገር ለመሥራት የአገሩን ሕግ ማክበር ግድ ነው አለ። እንዴት ያለ ጨዋ እንግዳ! ሲገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ ሲወጣ የቤቱን ልጅ ጠቁሞ ይወጣል።

በ2007 የአሜሪካ ምክር ቤት ያንግን ጠርቶ ሲጠይቀው የሺ ታኦ እናት ከጀርባው ተቀምጠው ነበር። ዞሮ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቶም ላንቶስ፣ በቴክኖሎጂና በገንዘብ ግዙፎች ብትሆኑም በሥነ ምግባር ድንኮች ናችሁ አሉ። ላንቶስ ቡዳፔስት ተወልደው ከናዚዎች እልቂት የተረፉ ሰው ነበሩ፤ የአገር ሕግ ምን ምን ሊያዝ እንደሚችል ከእርስዎ መማር አላስፈለጋቸውም። እጅ የተነሡት እናት ልጅ የተፈታው በ2013 ነው።

ሌላውን ልዝለለው። በ2017 አፕል ከቻይና የመተግበሪያ መደብሩ ቪፒኤኖችን (የኢንተርኔት እገዳ ማለፊያዎችን) ሲያወርድ እርስዎ ነበሩ፤ በ2021 ሩሲያ ድምፅ መስጠት በጀመረችበት ዕለት አፕልና ጉግል የተቃዋሚውን የናቫልኒን መተግበሪያ ሲያነሡም ነበሩ። ያኔ ሠራተኞቻችሁን እናስራለን የሚል ማስፈራሪያ እንደነበረ ተዘግቧል፤ ለሠራተኞቹ አዝናለሁ። እርስዎ ግን ድግስ እንደማያመልጠው ዘመድ ነዎት፣ ማን እንደጠራዎት እንኳ አይጠየቁም።

አሁን የእኛን ልንገርዎ። ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያ አሜሪካዊ፣ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ለወራት የስካይፕ ጥሪውን ሲቀዳ እንደነበር ደረሰበትና የኢትዮጵያን መንግሥት እዚያው አሜሪካ ከሰሰ። በ2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም ብሎ ክሱ ውድቅ መደረጉን አጸናው። ቤቱ ሜሪላንድ፣ ኮምፒውተሩ ሜሪላንድ፣ ጆሮ የተጠባበት ሳሎን ሜሪላንድ! እርስዎን ግን ፈልጎ የሚያገኝ ጠፋ። የእኔን ስልክ ተከትሎ መገናኛ ድረስ የመጣ ሕግ፣ ለዚህ ሰው የሳሎኑን በር ማንኳኳት አቃተው?

ስለዚህ ቀበሌዎንና የቤት ቁጥርዎን ጠቅሰው በአስቸኳይ እንዲያሳውቁን በትሕትና እንጠይቃለን። ደብዳቤው በኢሜይል ተልኳል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአገሩ መንግሥት (ኢሜይል አቅራቢው ቀድሞ ስላደረሰው ለብቻው አልተላከም)