መቼም ቤት ናችሁ

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከሚኖሩ ጡረተኞች እንደ እኔ የታደለ ያለ አይመስለኝም። ሥራ ፈታሁ ብዬ እንዳልተክዝ ሕንፃው በሙሉ ተረባርቦ ሥራ ይፈልግልኛል። ደመወዝ የለውም እንጂ ቋሚ ቅጥር ነው።

ባለፈው እሑድ ከባለቤቴ ጋር ከሐዋሳ ተመለስን። ስምንት ቀን ቆይተን ነው። ሻንጣችን ገና ከባጃጁ ሳይወርድ አንዲት ጎረቤታችን ከደረጃው ላይ ሆና አየችን። «እንኳን በሰላም መጣችሁ» ልትል ነው ብዬ ፈገግ አልኩ። «እናንተ ሰዎች! እንዲህ ሳይናገሩ መጥፋት አለ እንዴ? ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ ተመለሰ እኮ!» አለች። የእሷ ቆጣሪ ማለቷ ነው። አጠገቧ የቆመው ሰውዬ «ዕረፍት ሄደው ነው አሉ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ጠየቀ፦ «ለመሆኑ ጡረተኛ ከምኑ ነው የሚያርፈው?»

ዕውነቱን ነው። እንዲህ ያለ ቁም ነገር ሳናስብ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ መንገድ የሄድነው።

እናንተም ሰፈር አለ መቼም ይሄ ነገር። «መቼም ቤት ናችሁ» ይባላል፣ ከዚያ ቁልፍ ይሰጣል። ከበራችን ጀርባ ሰባት ሚስማር መትቻለሁ። ሰባት ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። አንዱ ለዲሽ ሠሪው ነው። አንዱ «ዛሬ ወይም ነገ» ለሚመጣ ሶፋ ነው፤ ዛሬ ወይም ነገ ከተባለ ሁለት ወር አልፎታል። የአንዷን እንጀራ እንቀበላለን። የአንዱን ልጅ ከሰርቪስ እናወርዳለን። የሕንፃው ኮሚቴ ሲመረጥ፣ የዕድር ጸሐፊ ሲጠፋ፣ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ጣት የሚቀሰረው ወደ እኔ ነው። እንዲህ ያለ ተፈላጊነት በ32 ዓመት የመሥሪያ ቤት ዘመኔ አይቼ አላውቅም። ያኔ ፊርማዬን እንኳ የሚፈልግ አልነበረም።

የሁሉም ቁንጮ ግን የአራተኛ ፎቋ ናት። እሷን ሳላመሰግን ብሞት አፈሩ አይቀበለኝም።

እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው። ተራችን ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ያውም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ። ግፊቱ ፎቅ አይወጣም፤ ከግቢው ቧንቧ ቀድቶ መሸከም ነው። ሊፍት ደግሞ የለንም። ይህቺ ደግ ሴት አንድ ቀን መጣችና «ጋሼ፣ መቼም በእናንተ ዕድሜ እንቅልፍ ብዙም የለም አይደል?» አለችኝ። ቁልፉን ሰጠችኝ። የት ልትሄዱ ነው ብዬ ጠየቅኳት። የትም አትሄድም። ቤቷ ውስጥ ተኝታለች! ቁልፉን የሰጠችኝ ስናንኳኳ እንዳትነቃ ነው። ጠዋት ሥራ ገቢ ናታ። ልጇም እንዳይረበሽ። ልጁ 24 ዓመቱ ነው፣ ጂም ይሠራል፣ እንቅልፍ ካላገኘ ጡንቻው አይፋፋም አለችኝ።

በርሜሏ 200 ሊትር ይይዛል። ጀሪካኑ ባለ 20 ነው። አሥር ምልልስ ማለት ነው። እኔ 66 ዓመቴ ነው፣ ባለቤቴ 62። ታዲያ በጨለማ፣ እንደ ሌባ በጣታችን እየተራመድን፣ የሰው ማንኮራፋት እያዳመጥን እንገለብጣለን። ሲንዶቀዶቅ እንዳይሰማ ባለቤቴ አፉ ላይ ጨርቅ ትይዛለች። አንድ ሌሊት አስነጠሰኝ። በነጋታው ሴትየዋ ወረደች፤ እየተቆጣች እንዳይመስላችሁ፣ በትሕትና ነው። «ጋሼ፣ ጉንፋን ሲይዝዎት እትዬ ብቻቸውን ቢመጡስ?» አለች። ሌላ ቀን ጫማችሁ ይሰማል፣ በካልሲ ግቡ ተባልን። በካልሲ ገባን። ቀጥሎ ካልሲያችሁ ወለሉን አረጠበው ተባልን። ነጠላ ጫማ ገዛችልን፤ ይኸውላችሁ ደግነት! የእሷ በር ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ወደ ቤት አይወሰድም። ባለፈው ወር ደግሞ በርሜሉ አንድ ስንዝር ጎድሎ ተገኘና «ደከማችሁ እንዴ?» ብላ አዘነችልን። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር ማለት ይቻላል።

እምቢ አትልም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እንዴት እላለሁ? ነገ ስሞት ድንኳን የሚተክለው ማን ሆነና!

ባለቤቴ 35 ዓመት የቾክ ብናኝ እየማገች የሰው ልጅ አስተምራለች። ጉልበቷ ያብጣል። አንድ ሌሊት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጀሪካኑን አስቀምጣ ግድግዳ ተደግፋ ስታለከልክ፣ ሁለት ጎረምሶች ከጭፈራ ሲመለሱ «ማሚ፣ አይዞሽ» ብለዋት አለፉ። አይዞሽ! እጅ የለህም? ትከሻ የለህም? እናትህ ብትሆን እንዲህ ታልፋታለህ? ያን ሌሊት ጀሪካኑን ከደረጃው ላይ ለቅቄው ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። አሁንም ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል።

ይቅርታ። ወደ ምስጋናው ልመለስ።

ሐዋሳ መሄዳችን ራሱ ስሕተት ነበር። ማክሰኞ ሌሊት፣ ልክ 8 ሰዓት ላይ ሁለታችንም ሆቴሉ አልጋ ላይ ቁጭ ብለን ተገኘን። ባለቤቴ ተነሥታ ቧንቧውን ከፈተች። ይወርዳል። ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው። አሁንም ይወርዳል። ልማድ ሆኖብን ባልዲ ፈለግን። ባልዲ ስለሌለ የቆሻሻ መጣያውን አጥበን ሞልተን ተኛን።

ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ በላን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ አራጁ አንጀቱን እስኪጥልላቸው ተሰልፈው ቆመዋል። ባለቤቴ አየቻቸውና «የእኛ ሕንፃ ሰዎች አይመስሉም?» አለች። ተቃወምኩ። አባ ኮዳ ሌላው ቢቀር ድርሻውን ሊወስድ ራሱ ይመጣል።

እሑድ ማታ፣ ሻንጣችንን እንደምንም አውጥተን ሻይ ስንጥድ በሩ ተንኳኳ። የአራተኛ ፎቋ ልጅ ነው። ለካ እኛ ስንሄድ ውሃውን የቀዳው እሱ ኖሯል፤ ሁለት ሌሊት። ወገቡን ይዞ ቆሟል። «ጋሼ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ፣ እኔማ ሞትኩ» አለና ቁልፉን ዘረጋልኝ።

ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ባለቤቴ አንጀቷ አልቻለም፣ ለጉልበቷ ከሐዋሳ የገዛችውን ቅባት ሰጠችው። እስካሁን አልመለሰውም።