ሀስኪ ውሻን መላጨት አያቀዘቅዘውም

«በጋ ሲመጣ ሀስኪያችሁን ሙልጭ አድርጋችሁ ላጩት፣ ይቀለዋል» የሚለው ምክር በቅን ልብ የተሰጠ ነው፤ ግን ውሻውን ይጎዳዋል። እባካችሁ አትላጩት።

ጸጉሩን በጣታችሁ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ከላይ ረዘም፣ ጠንከር ያለ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ጥጥ የመሰለ። ጀርመን ሸፐርድና ፖሜራኒያን የሚባሉት የውሻ ዝርያዎችም እንደዚሁ ናቸው። የላይኛው ጸጉር ፀሐይ ቆዳውን በቀጥታ እንዳታገኘው ይከልላል። ሲላጭ ቆዳው ለቃጠሎ ይጋለጣል፤ አንዳንዴም ጸጉሩ እንደ ድሮው አይመለስም። ደግሞ ውሻ እንደ ሰው መላ ሰውነቱን አያልበውም። በመዳፉ ትንሽ ያልበዋል፤ በዋናነት ግን የሚበርድለት በማለክለክ ነው።

የሚረዳው ደህና አድርጎ ማበጠር ነው። የረገፈው የሥር ጸጉር በእፍኝ በእፍኝ ይወጣል፣ አየርም ቆዳው ጋ ይደርሳል። ፑድልና ማልቲዝ ለየት ይላሉ፤ ጸጉራቸው ማደጉን ስለማያቆም ይከረከማል፤ እሱም ቢሆን ቆዳው እስኪታይ አይደለም።

እንደ ዱባይ ባለ ሙቀት ቀትር ላይ አታውጡት፤ አስፋልቱ መዳፉን ይልጠዋል። ማለክለኩ አልቆም ብሎ ከተንገዳገደ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁበት ቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።