በክብር የሻገተ ሌንስ

አጎቴ በደርግ ጊዜ ሞስኮ ተምረው ሲመለሱ ዜኒት ካሜራ ይዘው መጡ። ከዓመታት በኋላ ለኔ ሲያስረክቡኝ፣ "ይሄ ዕቃ በክብር ይያዝ" አሉኝ። ዜኒት የያዘ ያውቃል፤ ግማሽ ጡብ ነው። አደራው ግን ከሱም ይከብድ ነበር።

እኔም በክብር ያዝኩት። ቆዳ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩት። ቦርሳውን በፌስታል ጠቀለልኩ። ፌስታሉን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ጋቢ ስር አድርጌ ቆለፍኩበት። ቁም ሳጥኑ የተደገፈው ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ነው። ሁለት ክረምት እንዲሁ አለፈ።

እኛ ቤት ጥሩ ነገር አይነካም። ሶፋችን ላስቲኩ ገና አልተነሳለትም። ሪሞቱ ፌስታል ለብሷል። ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እንግዳ እየጠበቁ ነው። የትኛውን እንግዳ እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም።

ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ስታገባ ክብሩን ልገልጥ ወሰንኩ። የዜኒቱን ሌንስ፣ ባለ 58 ሚሊ ሜትሩን ሄሊዮስ፣ በማያያዣ ቀለበት ከዲጂታል ካሜራዬ ጋር ገጥሜ ሄድኩ። ፎቶው ሲታይ ሙሽሮቹ ከእንጦጦ ጉም ውስጥ የሚወጡ ይመስላሉ። መብራት ባለበት ሁሉ ጭጋግ ነው። ሙሽሪት ያን ሁሉ ብር ያወጣችበት ቬሎ ከመጋረጃው አልለይ ብሏት አኮረፈች። አክስቴ ግን አቅፈው ሳሙኝ። "አንተ ልጅ፣ እንዲህ አድርጎ ያነሳኝ የለም! ሃያ ዓመት ቀነስክልኝ እኮ!"

ሌንሱን ይዤ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ እስከ መጨረሻ ከፈተው፣ ከኋላ ባትሪ አበራበትና በፊት በኩል እንዳይ ሰጠኝ። መስታወቱ መሀል ነጭ ክር ተዘርግቷል። ቅርንጫፍ አውጥቷል። የሸረሪት ድር ነው የሚመስለው።

"የት ነበር የምታስቀምጠው?"

ቦርሳውን፣ ፌስታሉን፣ ጋቢውን፣ ግድግዳውን ነገርኩት።

"ጎበዝ ገበሬ ነህ" አለኝ።

ለካ የፈንገስ ዘር አየሩ ላይ ሞልቷል፤ የማይገባበት ሌንስ የለም። የሚጠብቀው እርጥበት፣ ጨለማና የማይንቀሳቀስ አየር ነው። የአየሩ እርጥበት ከ60 ወይም ከ70 በመቶ አልፎ ከሰነበተ ይበቅላል። ቀለቡ አቧራ፣ የጣታችን ወዝና ሌንሱ ውስጥ ያለው ቅባት ነው። ቆዳ ቦርሳ ደግሞ እርጥበት ይዞ ያቆይለታል። ሲሰነብት አሲድ ያወጣል፤ አሲዱ መጀመሪያ የሌንሱን ሽፋን፣ ቀጥሎ መስታወቱን ይበላል። ጠጋኙ ፈታትቶ በመድኃኒት አጠበልኝ። ፈንገሱ ወጣ፣ ፊርማው ቀረ።

ሰፈር ውስጥ ወሬው ሲሰማ መካሪው በዛ። አንዷ "ሩዝ ውስጥ ቅበረው" አሉ። የሩዝ ብናኝ ለፈንገስ ስንቅ መላክ ነው። ሌላዋ ከበርበሬው ጎን ጸሐይ ላይ እንዳሰጣው መከሩኝ። እሳቸው እንኳ ግማሽ እውነት አላቸው፤ የጸሐይ ጨረር ፈንገስ ይጎዳል። ግን ሌንስ ጸሐይ ሰብስቦ ወረቀት እንደሚያቃጥል ልጅ ሆነን ሁላችንም ሞክረናል፤ ቤት ማቃጠል አልፈለግኩም። የጎረቤታችን አባወራ ደግሞ አረቄ አዘዙልኝ። "ባይገድለው እንኳ ያሰክረዋል።"

ጠጋኙ ያዘዘው ሌላ ነው። ጥብቅ ክዳን ያለው የላስቲክ ሳጥን፣ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ፣ እና አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛት፣ "አትብሉ" ተብሎ የተጻፈባት ከረጢት። ሲሊካ ጄል ትባላለች። መለኪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ ላይ ከቆመ ሰላም ነው። ከ30 በታች ከወረደ ግን ቅባቱ ሊደርቅ ይችላል። ከረጢቷ እርጥበት ትጠጣለች፣ ስትጠግብ ሥራ ታቆማለች። እዚህ ላይ ሰው ትመስላለች። ቀለም የምትቀይረዋ ዓይነት መጥገቧን ራሷ ትናገራለች፤ ያን ጊዜ በሙቀት ማድረቅ ነው። "ከሁሉም በላይ ግን" አለኝ ጠጋኙ፣ "እያወጣህ አንሳበት!"

ጫማ የገዛ ዘመድ ሁሉ ቤት እየዞርኩ ከረጢት ለመንኩ። አንዱ ጫማውን ልለምነው የመጣሁ መስሎት በሩን ገርበብ አድርጎ ነው ያነጋገረኝ። እንደምንም አሥራ አራት ሰበሰብኩ።

እናቴ ምንድነው አለችኝ። ውድ ዕቃ ከብልሽት የሚጠብቅ ነው አልኳት። በማግስቱ ሳጥኑን ስከፍት ሰባት ብቻ ቀርተዋል። የቀሩትን ፈልጌ ፈልጌ ቡፌው ውስጥ አገኘኋቸው። ብርጭቆዎቹ አጠገብ፣ በንጹሕ ፌስታል ተቋጥረው ተቆልፎባቸዋል።

"እማዬ፣ እነዚህ ምን ይሠራሉ እዚህ?"

"ተዋቸው" አለችኝ። "እንግዳ ካሜራ ይዞ ቢመጣስ?"