ውዳሴ ነክስት

ብረት ስንት እንደሚሸከም ለማወቅ ዛሬም ወረቀትና እስክሪብቶ የሚያነሳ ሰው ካለ ያሳዝነኛል። እኛ ኮምቦልቻ የምንማር የምሕንድስና ልጆች ነቅተናል። ሶሊድወርክስ የሚባለው፣ ብረት ሳይቆረጥ ጥንካሬውን በኮምፒውተር የሚፈትሽ ፕሮግራም፣ ከነክራኩ በፍላሽ ከዶርም ዶርም ይዞራል፣ ማስተማሪያው በቴሌግራም ይወርዳል። ማታ ቪዲዮውን በእጥፍ ፍጥነት ያየ ልጅ ጠዋት ክበብ ቁጭ ብሎ "ሲሙሌሽን እሠራለሁ" ይላል። ይሠራልም። ምን ይቸግረዋል? ነክስት፣ ነክስት፣ ራን።

ከዚያ ብረቱ የቱ ጋ ምን ያህል እንደተጨነቀ የሚያሳየው ቀለም ይመጣል። የዚህን ቀለም ጸጋ ተናግሮ የሚጨርስ የለም። ሰማያዊ ከሆነ ይሸከማል፣ ቀይ ከሆነ አይሸከምም፤ አለቀ። ከቀለሙ ጎን "ቮን ሚሰስ" የሚል ስም አለ። ሰውየው ብረት መቼ ቅርጹን ለዘለቄታው እንደሚለውጥ ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1913 ያቀረቡት መስፈርት ከመሰበሩ በፊት ለሚለጠጥ ብረት እንጂ ድንገት ለሚሰነጠቅ ጊዛ አይሆንም የሚል መምህር ከተገኘ፣ የልጆቹ እድገት ያላስደሰተው ሰው መሆን አለበት። ለጊዛም ቢሆን ሰማያዊው ሰማያዊ ነው።

የሮቶ ማስቀመጫ ማማ እንውሰድ፣ ተወዳጅ የመመረቂያ ፕሮጀክት ነው። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ፣ አራት የአንግል ብረት እግር። ልጁ ሎድ የሚለው ሳጥን ውስጥ 2,000 ብሎ ይጽፋል። ሳጥኑ የሚጠይቀው የክብደቱን ኃይል በኒውተን እንጂ በሊትር አይደለም፤ ያን ያህል ውሃ ደግሞ ወደ 20,000 ኒውተን ይጠጋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ውስጥ ማማው ላይ የወጣው አንድ በርሜል ውሃ ብቻ ነው። ዘጠኙን በርሜል ያለ ክሬን፣ ያለ ወዛደር፣ አንዲት ጠብታ ሳይፈስ ማን አወረደው? ይህንን ነው ምሕንድስና የምለው።

እግሮቹ ፊክስ ይደረጋሉ። ፊክስ ማለት የቆሙበት መሬት ዓለም ቢገለባበጥ ውልፍት አይልም ማለት ነው። ማማው የሚተከለው ቁልቁለቱ በዝናብ በሚንሸራተተው ደሴ ቢሆንስ? አብሽሩ፣ የጦሳን ተራራ ራሱን ፊክስ እናደርገዋለን። ብየዳውም አያሳስብም፤ ሶፍትዌሩ ሌላ ካልተነገረው የተነካካውን ሁሉ አንድ ወጥ አድርጎ ይቆጥረዋል። ቀጭን እግር ሲጫነው እንደሚጎብጥና ይህም ለብቻው መፈተሽ እንዳለበት የሚያነሱ አሉ። እሱ ሌላ ነክስት ይፈልጋል፣ ዲፌንሱ ደግሞ ነገ ነው።

አንዳንዴ ክፉ ቀን ይመጣና ከአንዱ ሹል ማዕዘን ላይ ቀይ ነጥብ ብቅ ትላለች። ልጁ ለጥንቃቄ ሜሹን፣ ስሌቱ ብረቱን የሚከፋፍልበትን መረብ፣ ሲያደቀው ቁጥሩ ይብስበታል። ፍጹም ሹል በሆነ የውስጥ ማዕዘን ላይ ሜሹ በደቀቀ ቁጥር ስትረሱ፣ ማለትም የብረቱ ውስጣዊ ጭንቀት፣ ማቆሚያ የለውም፤ ይህ የሒሳቡ ጠባይ ነው፣ ማዕዘኑን ማክበብ ያስፈልጋል። ግን ለምን ይደከማል? ሜሹን መልሶ ማሻከር አለ። እሱም እምቢ ካለ የቀለሙን መለኪያ ከፍተኛ ቁጥር ከፍ ማድረግ ነው፤ ቀዩ ወዲያው ተረጋግቶ ሰማያዊ ይሆናል። በዛሬው የብረት ዋጋ ላሜራ ከማወፈር ስኬል ማስፋት ስንት እጥፍ እንደሚረክስ አስሉት።

ፕሮግራሙ ወደሚያሰላው የአየር ፍሰት ስንመጣ ግን ውለታው ከግለሰብ አልፎ ለአገር ነው። አንዷ ተመራቂ ደሴ ላይ ለሚቆም የበርበሬ ማድረቂያ በፋን የሚገፋ አየር ታሰላለች እንበል። ፕሮግራሙ ከጅምሩ የአየሩን ግፊት 101,325 ፓስካል ብሎ አስቀምጦላታል፤ የባሕር ጠለል ግፊት ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የእውነቱ ግፊት ወደ 75,000 ይወርዳል፤ አየሩም በዚያው ልክ ይሳሳል፣ ያው ፋን የሚገፋው የአየር ክብደት ሩብ ያህል ይቀንሳል። እሷ ግን ቁጥሩን ሳትነካ ነክስት አለች። በዚያች ቅጽበት ደሴ ከነፒያሳዋ ከተራራው ወርዳ ባሕር ዳርቻ ላይ አረፈች። ስንት ዲፕሎማት የሚደክምበትን የባሕር በር አንዲት ልጅ በአንድ ክሊክ አመጣችልን፤ ሽልማት ቀርቶ ያመሰገናት እንኳ የለም። በርበሬው መሻገቱን ማንሳት ውለታ ቢስነት ነው።

የማማው ልጅ ሥዕሉን በከለር አሳትሞ ወደ በያጁ ሄደ። በያጁ ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና፣ "ማሻ አላህ፣ ቀለሙ ያምራል፤ ሮቶው ሲሞላ ግን ይህ እግር ይታጠፋል የኔ ልጅ" አሉት።

"ጋሼ፣ ሴፍቲ ፋክተሩ እኮ ስምንት ነው፤ የጭነቱን ስምንት እጥፍ ይሸከማል" አላቸው።

"አብሽር፣ ስምንቱም ይኑርህ" ብለው አንግሉን በወፍራም ቀየሩት፤ በየጎኑም በኤክስ አሰሩት። የሚያውቁት ሒሳብ የብረት ዋጋ ብቻ ነው።

ማማው ቆመ፣ ሮቶው ተሞላ፣ ፎቶ ተነሳ። ሪፖርቱ ላይ ያለው ሥዕል አልተነካም፤ ቀጭን እግሩን ይዞ፣ ያለ ኤክሱ፣ ሰማያዊ እንደሆነ ነው። ዲፌንሱ ላይ ገምጋሚዎቹ ከፎቶውና ከሥዕሉ የትኛው እንደተሰላ አልጠየቁም። ለሥዕሉ ተጨበጨበ፤ ልጁም ኤ ማይነስ አገኘ። ማይነሷ የገጽ ቁጥር ስለጎደለ ናት።