የድሮ አለቃ

ካሊፎርኒያ ውስጥ በምኖርባት ከተማ አንዲት ጓደኛዬ ምግብ ቤት አላት። ጎኑ ያለውን ባዶ ቤት ጨምራ ልታሰፋው ፈልጋ የከተማው ፕላን ኮሚሽን ፊት ቀረበች። «ብቻዬን አልሄድም» ስላለች አብሬያት ሄድኩ። ማታ ነው። ሰባት ሰዎች ከፍ ያለ ጠረጴዛ ኋላ ተደርድረዋል። አንዱ ስለ መኪና ማቆሚያ ይጠይቃል፣ አንዷ ስለ ዛፍ። እንቅልፌ ሊመጣ ነበር።

የእኛ ተራ ሲደርስ አንድ ሸበት ያለ ኮሚሽነር ማይኩን ሳብ አደረገና፣ «የዚህ ሕንፃ ባለቤት ባለፈው ክረምት ሥራ ሠርቼለት ከፍሎኛል። ስለዚህ እዚህ ጉዳይ ላይ አልገባም» ብሎ ተነሳ። ቡናውን ይዞ ከአዳራሹ ወጣ። ጓደኛዬ ክንዴን ጨበጠችኝ። «ምን አደረግነው? ተቀየመን እንዴ?»

አልተቀየመንም። ሕግ ነው ያስወጣው። ካሊፎርኒያ ይህን ሕግ ያወጣችው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1974 ነው፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ያወረደው የዋተርጌት ቅሌት አገሩን ባመሰበት ዓመት። ያጸደቀው ራሱ ሕዝቡ ነው፣ በድምፁ። ባለፉት 12 ወራት 500 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የከፈለህ ሰው ጉዳይ ይዞ ሲመጣ አንተ አትወስንም። አፍህን ዘግተህ መቀመጥም አይበቃም። ምክንያቱን በሕዝብ ፊት ትናገራለህ፣ ከክፍሉ ትወጣለህ፣ ድምፅ ተሰጥቶ ሲያልቅ ትመለሳለህ። 500 ዶላር ደግሞ እኔ ሰፈር የወር ኪራይ ሩብ አይሆንም።

ለጓደኛዬ ፈቃዱ ተሰጣት። እልል ልትል ስትል እጇን ያዝኳት።

እንቅልፌን ያባረረው ግን ቀጥሎ የመጣው ጉዳይ ነው። አንድ የቤት ገንቢ ድርጅት አፓርታማ ሊሠራ ይጠይቃል። ከኮሚሽነሮቹ አንዷ እዚያው ድርጅት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርታለች። እሷ ግን አልወጣችም። ከኋላችን አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ይቺ ሴትዮ የእነሱ ሰው ናት!» አሉ። የከተማው ጠበቃ መነጽሩን አስተካክሎ አስረዳ። የቀድሞ ቀጣሪ ሌላ ነው አለ። ደመወዟን ጨርሳ የተቀበለችው ከመሾሟ በፊት ከሆነ፣ በመደበኛ ሥራዋ ያገኘችው ከሆነ፣ ስትሾምም «እመለሳለሁ» የሚል ሐሳብ ካልነበራት፣ ያ ገንዘብ እንደ ገቢ አይቆጠርባትም። የድርጅቱን 2,000 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ይዛ ቢሆን ግን ነገሩ ሌላ ነበር።

ሴትዮዋ ከሁሉም የከረረ ጥያቄ ጠየቀች። ስለ ፍሳሽ፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ቆሻሻ መኪና መግቢያ አንድ በአንድ። መጨረሻ ላይ ደግፋ ድምፅ ሰጠች። ሽማግሌው እየተነጫነጩ ወጡ። እኔ ማንን ማመን እንዳለብኝ እስካሁን አልቆረጥኩም።

ነገሩ ስለከነከነኝ በሳምንቱ ወደ ከተማው ጸሐፊ ቢሮ ሄድኩ። እዚህ ተመራጩም፣ ከንቲባውም፣ የፕላን ኮሚሽነሩም ፎርም 700 የሚባል የጥቅም ማሳወቂያ ይሞላሉ። ገና መስኮቱ ጋ እንደደረስኩ እጄ ኪሴ ገብቶ መታወቂያዬን አወጣ። የእኛ ሰው መስኮት ሲያይ መታወቂያ ያወጣል፣ ምን ታደርገዋለህ። ልጅቷ ሳቀች። «አያስፈልግም፤ ስምህንም አልጠይቅህም» አለችኝ። ለካ መጠየቅ በሕግ ተከልክላለች። የባለሥልጣኑን ፎርም ማየት የሚፈልግ ሰው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደፈለገው አይጠየቅም። ኮፒ ከፈለገ ለአንድ ገጽ ቢበዛ 10 ሳንቲም ነው።

የሴትዮዋን የመጀመሪያ ፎርም አገኘሁት። አዲስ የተሾመ ሰው ከመሾሙ በፊት የነበሩትን የ12 ወራት ገቢ ይጽፋል። የድሮ ድርጅቷ ስም ሰፍሯል። ከጎኑ «ከ100,000 ዶላር በላይ» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አለ። ልኩን አይጠይቅም፤ መደቡን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ፎርም ላይ ድርጅቱ የለም። በሕጉ ዓይን ዝምድናው አልቋል።

ያ ሁሉ ወረቀት ሌባ ያስቆማል ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የሎስ አንጀለሱ ሆሴ ዊዛር የምክር ቤቱን የፕላንና የመሬት ኮሚቴ ይመራ ነበር። ፎርሙን የመሙላት ግዴታ እንደማንም ተመራጭ ነበረበት። እሱ ግን ከሕንፃ አልሚዎች ጉቦ ሲቀበል ኖሮ በ2024 መጀመሪያ ላይ 13 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ለመስረቅ ለቆረጠ ሰው ፎርም ምኑ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌባው ሳይሆን ደህናው ሰው ነው።

ደህናው ሰው ደግሞ የአክስቴ ልጅ ነው። ኢንጂነር ነው። አዲስ አበባ አንድ ኮንትራክተር ዘንድ ስድስት ዓመት ሠርቶ፣ አሁን የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ ገብቷል። ጉቦ አይነካም፤ ይህን እምላለሁ። የዚያን ማታውን ነገር ደውዬ ስነግረው የሽበታሙ ሰውዬ ነገር ምንም አልደነቀው። የሴትዮዋ ነገር ግን አሳቀው። «ደመወዝ ሲቆም ውለታም ይቆማል ነው የሚሉት?» አለ።

አገራችንም ሕጉ አለ። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ተሿሚው፣ ተመራጩና አዋጁ የሚመለከተው የመንግሥት ሠራተኛ ሀብቱንና የገቢ ምንጩን ያስመዘግባል፣ የቤተሰቡንም ጭምር። የፌዴራሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽንም ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። እኔ ከማውቃቸው ሰዎች መካከል ግን የሰፈሩን ባለሥልጣን ቅጽ ሄዶ ያነበበ አንድም አላጋጠመኝም። ጠይቅ ብትለው «ምን ቆርጦኝ!» ይልሃል።

ለነገሩ ቅጹ ቢነበብስ ምን ይገኝበታል? የአክስቴ ልጅ የድሮ አለቃው ፋይል በወር ሁለት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ይመጣል። ገንዘብ አይሰጠውም። «እንዴት ነህ ልጄ፣ ቤተሰብስ?» ብቻ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ማንም ሳያውቀው የቀጠረው እሱ ነው። ሥራውን ያስተማረው እሱ ነው። ፋይሉን ለሌላ ኢንጂነር ላሳልፍ ቢል ወሬው በማግስቱ ሰፈር ይደርሳል፤ ወጪት ሰባሪ ይባላል። ይሉኝታ 500 ዶላር ሞላ አልሞላ ተብሎ አይቆጠርም። 12 ወር ሲያልፈውም አይቃጠልም፤ እንዲያውም እንደ ጠላ እያደር ይከራል።

ሌላም አለ። «እመለሳለሁ የሚል ሐሳብ ከሌላት» የምትለዋን ነገር ለአክስቴ ልጅ ስነግረው ሳቁን አቆመ። ዛሬ ቢሮው ነገ ቢበተንስ? አለቃው ሲቀየር እሱም አብሮ ቢነሳስ? ያን ጊዜ ሥራ ፍለጋ የሚያንኳኳው ያንኑ የኮንትራክተር በር ነው። እዚህ ያለችው ሴትዮ ነገ ኮሚሽነርነቱን ብትተወው ሃምሳ ድርጅት ልታመለክት ትችላለች። እሱ የሚያውቀው ሦስት ነው፣ ሦስቱም ፋይላቸው ጠረጴዛው ላይ አለ። ስለዚህ ሕጋቸውን እንዳለ ገልብጠን ብናመጣው የቀድሞ ቀጣሪን ነፃ የሚያደርገው አንቀጽ ለእኛ አይሠራም። እንዲያውም ገልብጠን ነው ማንበብ ያለብን፦ እዚያ የሚያሰጋው አሁን የሚከፍልህ ነው፣ እኛ ዘንድ ትናንት የከፈለህ።

«ታዲያ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ሌላውን ሰው ሦስት ቀን ካስጠበቅኩ እሱን አምስት ቀን አስጠብቀዋለሁ። ሰው እንዳያማኝ» አለ። ይኼም ፍትሕ ሆኖ ነው! ያ ኮንትራክተር ሁለት ቀን የሚቀጣው ለልጁ ሥራ ስለሰጠ ነው። ሽበታሙ ሰውዬ ቡናውን ይዞ መውጣቱ ለሁሉም የሚሻል መሰለኝ።

ዝም ብሎ ቆየና አንድ ነገር ጠየቀኝ። «አክስትህ ያረፈች ጊዜ ድንኳኑን ያስተከለው እኮ እሱ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛ ያበላው እሱ ነው። በእናንተ ፎርም ይሄ የት ነው የሚጻፈው?»

የስጦታው ገጽ ትዝ አለኝ። ሕጋቸው ይህንንም አስቦበታል። በቤተሰብ ሞት ወይም በድንገተኛ መከራ ጊዜ ወዳጅ ለችግር የሚሰጠው እርዳታ እንደ ስጦታ የማይቆጠርበት መንገድ አለ። ሰጪው ግን በቢሮህ በኩል ጉዳይ ያለው ሰው መሆን የለበትም። ይህንኑ ነገርኩት።

«አይ አንተ» አለኝ፣ «እዚህ በእኔ ቢሮ ጉዳይ የሌለው ማን አለ?»